በቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የተገኘ የቁስለኛ ፎቶ

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ በአሮጌ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ቡናማ የቁስለኛ ወታደር ፎቶ አለ፤ 6 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በሽፋኑ ውስጥ ደግሞ ጋሻና እባብ የተጠመጠመበት በትር ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ይላጥ?

— ኧረ እንዳትነካው! የመጽሐፉ ባለቤት የነበረው ሐኪም የባለቤትነት ምልክት ነው፤ ከተላጠ መጽሐፉ የማን እንደነበር ማስረጃው አብሮ ይሄዳል። ፎቶው ግን ይውጣ፤ የካርቶኑ አሲድ ገጹን ያጠቁራል። የነበረበትን ገጽ ቁጥር ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፍ፣ ከዚያ ፎቶውን ክተት።

— ፎቶው እንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ የታተመ ይመስላል። በማጉያ መነጽር የወረቀቱ ክሮች ከታዩህ ነው። በእርጥብ ጨርቅ እንዳትወለውለው፤ እንቁላሉ ያብጥና ይሰነጣጠቃል።

— ፎቶው ላይ ያለው ወታደር ሰሌዳ ይዟል ወይ? በ1865 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ውስጥ የጦር ሐኪሙ ሪድ ቦንተኩ ፎቶ ካስነሳቸው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች አንዳንዶቹ ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ ይዘዋል።

— ባሕር ዳር ከወሰድከው ላስቲክ ውስጥ አታሽገው፤ በጣና እርጥበት ይሻግታል።