ጥቆማ፦ ለክለብ ሥራ የትኛው ጊታር አምፕ ይሻላል? ቲዩብ፣ ሞዴሊንግ ወይስ ሁለቱን የቀላቀለው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ቦሌ አካባቢ አንድ ክለብ ውስጥ በሳምንት ሦስት ሌሊት ጊታር እጫወታለሁ። እስካሁን በቤቱ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ በሚያጎላው ሣጥን) ነበር የምሠራው፤ ስፒከሩ ስለተቀደደ የራሴን መግዛት ግድ ሆነብኝ። አንዱ "ቲዩብ (በድሮው የመስታወት ቫልቭ የሚሠራው) ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን" ይለኛል። ሌላው "ቲዩብ ለእኛ መብራት አይሆንም፣ ሞዴሊንግ (የሌሎችን አምፖች ድምፅ በዲጂታል የሚያስመስለውን) ግዛ" ይላል። አሁን ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ሣጥን የያዘ አለ ተባልኩ። የምጫወተው ባህላዊም ዘመናዊም ነው፤ አብዛኛውን ክሊን (ንጹሕ ድምፅ)፣ ለሶሎ ትንሽ ዲስቶርሽን (ሻካራ ድምፅ)። አሜሪካ ያለችው እህቴ በጥቅምት ስለምትመጣ ልታመጣልኝ ትችላለች። እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ሦስቱንም ዓይነት መድረክ ላይ ይዤ ወጥቻለሁ፤ የምነግርህም በእጄ የሞከርኩትን ነው። ዋጋ ግን አልጽፍልህም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የሰማኸው ዋጋ በሚቀጥለው ሳምንት ላይኖር ይችላል።

"ቲዩብ አለው" ሲሉህ ቲዩቡ የት ቦታ ላይ እንዳለ ጠይቅ። ቅልቅል የሚባሉት አምፖች እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ። ቮክስ ቪቲ20ኤክስ እና ቪቲ40ኤክስ ውስጥ ያለችው 12ኤኤክስ7 የምትባል አንዲት ትንሽ ቲዩብ ብቻ ናት። የአምፑን ዓይነት የሚመስለው ዲጂታሉ ክፍል ነው፣ ስፒከሩን የሚገፋው ደግሞ ትራንዚስተር፤ ቲዩቧ መሃል ገብታ የቲዩብ ፓወር አምፕን (ስፒከሩን የሚገፋውን የመጨረሻ ክፍል) ጠባይ ትሰጠዋለች። ፌንደር ሱፐር ቻምፕ ኤክስ2 የዚህ ተቃራኒ ነው። ድምፅ የሚመርጥልህ ዲጂታል ክፍል ከፊት አለ፤ ከኋላ ግን ጉልበቱ የሚወጣው ከሁለት 6ቪ6 ቲዩቦች ነው። 15 ዋት ነው፣ ስፒከሩም 10 ኢንች።

ልዩነቱን የምታውቀው በቀኝ እጅህ ነው። ሱፐር ቻምፑን ከፍ አድርጌ ትዝታ ማይነር ስጫወት፣ ክሯን ቀስ ብዬ ስነካት ድምፁ ንጹሕ ነው። ጠንከር አድርጌ ስመታት ጫፏ ላይ ትሻክራለች፣ እጄን ሳላላ እሷም ትለሰልሳለች። ዘፋኙ ዝቅ ሲል ፔዳል ሳልረግጥ አብሬው ዝቅ እላለሁ። ቪቲውም ይህን ያደርጋል፤ ግን ድምፁ ለእኔ ትንሽ የተደላደለ፣ ኃይለኛውንም ቀስታውንም ያቀራረበ ይመስለኛል። የባንዳችን ቤዚስት በዚህ አይስማማም፤ "ሰው መሃል ተቀምጬ ልለየው አልቻልኩም" ይላል። እሱም እውነቱን ነው፤ የሚሰማው ሰውና የሚጫወተው ሰው አንድ ዓይነት ነገር አይደርሳቸውም።

ስለ ዲስቶርሽን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ ሙዚቃ ወሳኝ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያነሳውም። የአንቺሆዬን ቅኝት ከሲ ብትጀምር ኖቶቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው። የግማሽ ቶን ርቀት ሁለት ቦታ አለ። ሲን እና ዲ ፍላትን አንድ ላይ ይዘህ ዲስቶርሽን ስትጨምር ድምፁ ይርገበገባል፣ ይጋጫል፤ ምክንያቱም ዲስቶርሽን ከሁለቱ ኖቶች ሌላ ድምርና ልዩነታቸውን ጭምር ያሰማል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የምትፈልገው ክሊኑ ሳይደርቅ ሞላ ብሎ የሚወጣ አምፕ ነው። ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በሮሃ ባንድ ዘመን የተጫወታቸውን ስማ፤ እያንዳንዱ ኖት ለብቻው ቆሞ ይሰማሃል። ስንት የሮክ አምፕ ይመስላል የሚለው ቁጥር ለአንተ ብዙም አይጠቅምም። እኔ አምፑ ከሚያስመስላቸው ድምፆች ሁሉ የምጠቀመው ሁለቱን ክሊኖች ብቻ ነው።

አሁን ወደ መብራት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ክለብ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ መብራት ሄዶ ጄነሬተር ሲነሳ ቮልቴጁ ዘለለና የቲዩብ አምፔ ፊውዝ ተቃጠለ። ትርፍ ፊውዝ አልያዝኩም ነበር። የቀረውን ሌሊት በዲአይ ቦክስ (ጊታርን ያለ አምፕ ከሚክሰር በሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን) ቀጥታ ወደ ሚክሰር ገብቼ ስጫወት ጊታሩ የራሴ አልመስል አለኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ አምፑን አጠፋለሁ፤ የምመልሰው ጄነሬተሩ ተረጋግቶ ሲሠራ ካየሁ በኋላ ነው።

ፊውዝ ባይቃጠልም ቮልቴጁ ሲወርድ ይሰማሃል። እነዚህን ቲዩቦች የሚያሞቃቸው 6.3 ቮልት ነው። ከግድግዳው 220 መምጣት ሲገባው 180 ብቻ ቢመጣ፣ ያ 6.3 ወደ 5.15 ገደማ ይወርድና ድምፁ ይደክማል። ቪቲ20ኤክስ እና ቪቲ40ኤክስ በላፕቶፕ ዓይነት አዳፕተር ስለሚሠሩ እንዲህ ዓይነቱ መውረድ ብዙም አይነካቸውም።

ምክሬ ይኸውልህ፦ ስታብላይዘር መግዛትና ተሸክመህ መዞር የምትችል ከሆነ ሱፐር ቻምፕ ኤክስ2። አሁን ከምርት ስለወጣ ያገለገለ ነው የምታገኘው። ስታብላይዘር ካላሰብክ ሞዴሊንጉን ቦስ ካታና 50 ግዛ። ሻጭ ምንም ቢልህ ካታና ውስጥ አንድም ቲዩብ የለም፤ ቢሆንም ክሊኑ ደህና ነው፣ ከ50 ወደ 25 እና ወደ ግማሽ ዋት ስለሚወርድ ቤት ውስጥ ጎረቤት ሳትረብሽ ትለማመድበታለህ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከላይ ከጻፈው ወንድሜ ጋር በክሊኑ ጉዳይ እስማማለሁ፣ በምርጫው ግን አልስማማም። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ለዓመታት የሠራሁት ሙሉ ቲዩብ በሆነው ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው። 22 ዋት፣ 12 ኢንች ስፒከር፣ ወደ 19 ኪሎ ይመዝናል። 10 ኢንች ስፒከር ከድራምና ከኪቦርድ ጋር ሲሆን የታችኛው ድምፅ ይሳሳል፤ ሱፐር ቻምፕን የሸጥኩት በዚህ ነው። ቅልቅል አምፕ ደግሞ የሁለቱንም ችግር ይዞ ይመጣል፦ ቲዩቡ ያረጃል፣ ዲጂታሉም ከጊዜ በኋላ መለዋወጫ ያጣል።

ወይ ሙሉ ቲዩብ፣ ወይ ሙሉ ዲጂታል ሁን። ፌንደር በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሙሉ ዲጂታል ቶን ማስተር ትዊን ሪቨርብ ተውሼ ሁለት ሌሊት ሠርቼበታለሁ። እውነተኛው ባለ ቲዩብ ትዊን ወደ 29 ኪሎ ነው፣ ይኼ 15 ገደማ። ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ስለሆነ እህትህ ልታመጣው የምትችለው ይኼኛውን ነው። አጠገቡ ቆሜ ልዩነቱ ይሰማኛል፤ አሥር እርምጃ ስርቅ አይሰማኝም። ወገቤ ከታመመኝ በኋላ ደግሞ ያ 14 ኪሎ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

መልስ፣ ከመርካቶ (ጠጋኝ)

ልጄ፣ ድምፁን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የማየው ተቃጥሎ የሚመጣውን ነው። ከአሜሪካ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ የሚቃጠሉት 120 ቮልቱ 220 ላይ ተሰክቶ ነው። ስቴፕ ዳውን ገዝቶ ያገናኘም አይዝናና። ስቴፕ ዳውን ቮልቴጁን ያወርዳል እንጂ 50 ሄርዛችንን 60 አያደርገውም። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይግላል፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ በየሌሊቱ አራትና አምስት ሰዓት ሲሠራ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ከጀርባው የተጻፈውን አንብብ። 100-240 እና 50/60 የሚል ከሆነ መሰኪያውን ብቻ ትቀይራለህ። 120 ቮልት 60 ሄርዝ ብቻ የሚል ከሆነ ለዚህ ሥራ አታምጣው። ካታናም ቢሆን በየአገሩ ቮልቴጅ ስለሚሸጥ ዲጂታል ነው ብለህ አትመነው።

ስለ ጥገና፦ ሙሉ ቲዩብ አምፕ ከመጣልኝ በብየዳ ብረት እጨርሰዋለሁ፤ የድሮ ቫልቭ ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ዲጂታል ቦርድ ከተቃጠለ ግን ሙሉ ቦርዱ ከውጭ መምጣት አለበት። ቅልቅሉም ዲጂታሉ ክፍል ከተነካ እንደዚያው ነው። ደግሞ ማንም ቲዩብ አምፕ ፈትቶ እጁን እንዳያስገባ። ከመብራት ነቅላችሁትም ካፓሲተሩ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል፤ ሰው ይገድላል። ስፒከሩ ሳይገናኝ ቲዩብ አምፕ አታብሩ፤ የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

ጥያቄ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ካታና 50 አግኝቻለሁ ብላ ነበር፤ አሁን እንድትቆይ ነገርኳት። እስከ ጥቅምት ግን በምን ልሥራ?

መልስ፣ ከአዲስ አበባ

ተከራይ። ሳውንድ ሲስተም የሚያከራዩት አብዛኞቹ ጊታር አምፕም አላቸው፤ በሌሊት ሳይሆን በሳምንት ተደራደር። አንድ ሳምንት ቲዩብ፣ አንድ ሳምንት ሞዴሊንግ ውሰድ። የራስህን ጊታርና ኬብል ይዘህ፣ በዚያው ክለብ፣ ሰው ሞልቶ ስማው። ባዶ ቤት በሳውንድ ቼክ የሰማኸው አይበቃም። ፒያሳ አካባቢ የነበሩ ሱቆች በ2016ቱ ፈረሳ ቦታ ስለቀያየሩ ሳትደውል አትሂድ።

ስለ 10 ኢንቹ ወንድማችን ያለው ልክ ነው። እኔ የሱፐር ቻምፑን ድምፅ በማይክ ወደ ሚክሰር አስገብቼ ነው የታችኛውን የምሞላው፤ የእናንተ ቤት ለጊታር ማይክ ከሌለው ምርጫህን ወደ 12 ኢንች አዙር፤ ካታና 50ም 12 ኢንች ነው። እህትህ ያገኘችውን አምፕ ጀርባውን ፎቶ አንስታ ትላክልህ፤ ቮልቴጁና ሄርዙ የተጻፈበት በግልጽ ይታይ። እዚህ ለጥፈው፣ ጋሼም አይተው ይንገሩህ።