ከባዶ የናስ ቀለህ የጢም መላጫ ብሩሽ መሥራት

ጀማሪው፦
ጤና ይስጥልኝ። ከወታደራዊ ትርፍ ዕቃዎች መካከል ባለ 20 ሚሊሜትር የናስ ቀለህ አግኝቻለሁ። የተተኮሰ ነው፤ ቂጡ ላይ መርፌው የወጋው ጎድጓዳ ምልክት ይታያል። የመላጫ ብሩሽ እጀታ ላደርገው አስቤአለሁ። ጠጉሩን ከዚያው ከተገኘ የቆየ የፈረስ ማበጠሪያ ብሩሽ ነቅዬ ብጠቀም ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም የሠራዊት ዕቃ እንዲሆኑ። ቀለሁን የቱ ጋ ልቁረጠው? ውኃ የሚችለውስ ሙጫ የትኛው ነው?

ባለቶርኖው፦
ከጠጉሩ ልጀምር፤ የፈረሱን ብሩሽ ይተዉት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በወጉ ሳይጸዳ ከታሰረ የፈረስ ጠጉር የተሠሩ የመላጫ ብሩሾች አባ ሰንጋ አስተላልፈው ወታደርም ሲቪልም ገድለዋል። የአባ ሰንጋ ዘር ደርቆ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ምላጭ የጫረው ፊት ደግሞ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሥሩ በሙጫ የተያዘ ሰው ሠራሽ የጠጉር ጥቅል ለብቻው ይሸጣልና እሱን ይግዙ። ለሠራዊቱ ክብር እጀታው ይበቃል።

ነገር ግን ጥቅሉን አሁን አይግዙ። 20 የሚለው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት ነው፤ የቀለሁ ሆድ ከዚያ ይሰፋል። አንገቱን ቆርጠው ይጣሉና ከቂጡ በኩል 55 ሚሊሜትር ያህል ያስቀሩ። ክብደቱ ያለው እዚያ ነው፤ ጠርዙም ብሩሹን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። የአፉን የውስጥ ስፋት ለክተው በጥቂቱ የሚጠብበውን ጥቅል ይምረጡ፤ ሙጫውም ቦታ ይፈልጋል።

ከመቁረጥዎ በፊት በሳሙና ውኃ ይጠቡት። የመቀጣጠያው ጥላሸት እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግ አቧራውን መተንፈስ ነው። ባዶውን በሞርሳ ከጨመቁት ሞላላ ይሆናል፤ እንጨት ይወትፉበትና በሴጌቶ እያዞሩ ይቁረጡት። ሲያበቃ ወደ ውስጥ የታጠፈች ቀጭን ስለት በአፉ ዙሪያ ትቀራለች። ዓይን አያያትም፣ የጣት ጫፍ ግን ያገኛታል። ካልተሞረደች ጠጉሩን በየማለዳው አንድ ሁለት እያለች ትጨርሰዋለች። ሰዎች ውጭውን እንደ መስታወት አንጸባርቀው ይህችን ሲረሱ ይገርመኛል።

አረፋ ወዳድ፦
ሙጫው ባለሁለት ቅልቅል ኢፖክሲ ይሁን። የቀለሁን የታችኛውን ባዶ ክፍል በእንጨት ቡሽ ይሙሉት፣ አለበለዚያ ጥቅሉ ይሰምጣል። ከማጣበቅዎ በፊት ወረቀት አጣጥፈው ከሥሩ እያስገቡ ከፍታውን ይሞክሩ፤ ጠለቅ ሲል ጠጉሩ ይጠነክራል፣ ከፍ ሲል ይለሰልሳል። እኔ ከአፉ በላይ 50 ሚሊሜትር ያህል ሲወጣ እወዳለሁ። ዙሪያው ክፍተት እንዳይቀር፤ ውኃ ከገባ እንጨቱ ያብጣል።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ፤ የፈረሱን ብሩሽ ትቼዋለሁ። ናሱን ግን አሞኒያ ባለው ማጽጃ ልወልውለው?

ባለቶርኖው፦
በፍጹም! አሞኒያ ውጥረት ያለበትን ናስ ይሰነጥቃል። የእንግሊዝ ጦር ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ ያስቀመጣቸው ጥይቶች ቀለሃቸው የተሰነጠቀው በዚሁ ነበር፤ ከፈረስ ሽንት በሚወጣ አሞኒያ። ሎሚና ጨው ይበቃል፤ ወዲያው ያለቅልቁትና ያድርቁት። ለኔ ከጠየቁኝ ግን ጠቆር ያለ ናስ እመርጣለሁ፤ በእርጥብ እጅም ከተወለወለው ያነሰ ያዳልጣል።