ለሐዋሳ የታዳጊዎች ራግቢ ፕሮፖዛል፦ ለከተማውና ለዩኒቨርሲቲው ምን ብለን እንጻፍ?

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ስብሰባው ላይ የተነሳውን፣ ታዳጊዎችን ራግቢ (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ እየሮጡ የሚጫወቱትን ጨዋታ) የማሰልጠን ሀሳብ፣ ወደ ወረቀት ማውረድ ጀምሬያለሁ ግን ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ ከተማ አስተዳደሩን ሜዳ እንጠይቅ ነው ያላችሁት፣ እኔ ደሞ ሜዳ የመጀመሪያ ጥያቄያችን መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ሜዳ ስንጠይቅ ማስተር ፕላን፣ ካሳ፣ የበጀት ዓመት እየተባለ ክረምት በክረምት ላይ ያልፋል፣ ልጆቹ ያድጋሉ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ መሀላችን ነው ያለው፣ ስፖርት ሳይንስ ያስተምራል፣ ሪፈራል ሆስፒታል አለው፣ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ደሞ የማህበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጋር የተቀመጠ ስራው ነው፣ ስለዚህ ውለታ ለመለመን አይደለም የምንሄደው፣ ሊሰራው የሚገባውን ስራ ይዘንለት ነው።

ኬንያን ተመልከቱ፣ በዲላ በያቤሎ አድርገህ ሞያሌን ከተሻገርክ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው ይሄው መንገዳችን ነው። ሹጃ የሚሉት የሰባት ሰው ራግቢ ብሔራዊ ቡድናቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫ በላ፣ ያ ፊጂ እኮ ከጥቂት ወራት በኋላ ሪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው ነው። እዛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የራግቢው ምሰሶ ናቸው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲው ሚን ማሺን፣ የኬንያታው ብላክ ብላድ፣ የስትራዝሞር ሊዮስ ሁሉም ስም ያላቸው ቡድኖች ናቸው፣ ከዋና ከተማው ርቃ ያለችው ካካሜጋ እንኳን የማሲንዴ ሙሊሮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አላት። በሉ ሀሳብ ስጡ።

የስፖርት መምህርት፦
በጣም እስማማለሁ፣ ግን ከታግ ራግቢ እንጀምር ብለህ በግልጽ ጻፍልኝ። እኔ ትምህርት ቤቴ ሞክሬዋለሁ። ለማታውቁት፣ መጣልና መጎተት የለም፣ ወገብ ላይ ቀበቶ ይታሰርና በግራና በቀኝ ጨርቅ ይንጠለጠላል፣ ኳስ የያዘውን ልጅ አንዷን ጨርቅ ከነጠቅከው አስቆምከው ማለት ነው። የሚያስቸግራቸው ኳሱን በእጅ ወደፊት ማቀበል ክልክል መሆኑ ነው፣ እግር ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ ጓደኛው ፊቱ ቆሞ "ስጠኝ ስጠኝ" ሲለው እጁ ቀድሞት ይሄዳል። ከኋላው በሩጫ የሚመጣውን ማየት የጀመረ ቀን ግን ጨዋታው ይከፈትለታል፣ እግር ኳስ ላይ ማንም የማይመርጣቸው ልጆች እዚህ ሲፈለጉ ሳይ ደስታዬን አልችለውም። ከ10 እስከ 14 ዓመት ላሉት ቁጥር 4 ኳስ ነው የሚያስፈልገው፣ ትልቁ ከእጃቸው ያመልጣል።

ሴቶቹንም "ይበረታታሉ" ብለህ አትለፋቸው፣ ግማሽ በግማሽ ይሁን። የኬንያ ሴቶች ሪዮም ቶኪዮም ኦሎምፒክ ላይ ተሰልፈዋል።

ሂሳብ ያዥ፦
ቀበቶ ከውጭ ይምጣ የሚለውን ከበጀቱ አውጡት። ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቅና ያንን ሲላቀቅ ጭርር የሚለውን ማጣበቂያ ገዝተን ብንሰጥ ይሰፋልናል። የሚቸግረን ኳሱ ነው፣ ዶላር ይፈልጋል። ውጭ ያሉ አባሎቻችን ለበዓል ሲመጡ አየሩን አስተንፍሰው ሻንጣ ውስጥ ጣል ያድርጉልን።

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፦
ታላላቆቼ ናችሁ፣ ግን የምለውን ብታስቡበት። ፕሮፖዛሉ ላይ ተማሪዎች "በበጎ ፈቃድ ያሰለጥናሉ" የሚል አይቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በበጎ ፈቃድ ብቻ ከሆነ ሚድ ኤግዛም እስኪደርስ ነው የምንመጣው። ከተግባር ልምምዳችን ተቆጥሮ ውጤት የሚያዝበት ከሆነ ግን መምህራችን ራሱ ሜዳ ድረስ መጥቶ ያየናል፣ እኛም አንቀርም። ደሞ ሐምሌና ነሐሴ እኛ ወደየቤታችን ስንሄድ ለክረምት ትምህርት የሚገቡ መምህራን አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ስፖርት የሚያስተምሩትን ብናሰለጥን ጨዋታውን ወደየወረዳቸው ይዘውት ይመለሳሉ።

ነርስ የሆነችው አባል፦
የኔ አንድ ነገር ነው እሱም ካልገባ አልፈርምም። ታግ ላይ እንኳን ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ይጋጫሉ፣ በኋላ ታክል (ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል) ሲጀመር ደሞ ይብሳል። የተመታ ልጅ ካዞረው፣ ካስመለሰው፣ ወይ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደሆነ ከጠፋበት፣ ወይ እናንተ ብቻ ከጠረጠራችሁ፣ ወዲያው ይወጣል፣ በዛን ቀን ተመልሶ አይገባም፣ "ደህና ነኝ" ቢልም አሰልጣኙ ቢለምንም። ዓለም አቀፉ የራግቢ አካልም የሚያዘው ይሄንኑ ነው። ሰነዱ ላይ ሆስፒታሉ በስም ተጠቅሶ ልጁን የሚቀበለው ክፍል ይታወቅ። ታክል ልምምድ በጋ ላይ አይታሰብ፣ የትምህርት ቤቶቻችን ሜዳ በጋ ላይ እንደ ሲሚንቶ ነው፣ ዝናብ ያራሰው ሳር እስኪገኝ ይጠብቁ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
እህቴ ገብቷል፣ እንደውም የመጀመሪያው አንቀጽ አድርጌዋለሁ። የተማሪውንም ተቀብያለሁ፣ ከሱ ተነስቼ አንድ ነገር ልጨምር። ፊርማው ከዲፓርትመንቱ ጋር እንጂ ከአንድ ሰው ጋር አይሁን። ጎበዝ መምህር አግኝተን እሱ ለፒኤችዲ ሲሄድ ፕሮጀክቱም አብሮት የሚሄድ ከሆነ ልጆቹን ነው የምናታልለው። አሁን ያለው አጻጻፍ ይሄ ነው፦

"ዩኒቨርሲቲው የታዳጊዎች ራግቢ ስልጠናን በስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ የተግባር ልምምድ ውስጥ ያካትታል፤ ከተማ አስተዳደሩ የትምህርት ቤት ሜዳዎችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲከፈቱ ያደርጋል፤ ማህበሩ ቁሳቁስ ያቀርባል፣ የወላጆችን ፈቃድ በጽሁፍ ይሰበስባል።"

በታቦርና በቱላ ክፍለ ከተሞች ብንጀምር ምን ይመስላችኋል?

ከአንጋፋ አባላት አንዱ፦
ልጄ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል ተባረክ። ግን ቱላ ስትል ተማሪዎቹ በምን ይሄዳሉ? ባጃጅ በየቀኑ ከኪሳቸው ከፍለው አይዘልቁም። ወይ ከከተማው ወይ ከዩኒቨርሲቲው ሰርቪስ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ቱላ በወረቀት ብቻ ትቀራለች፣ እዛ ያሉት ልጆች ደሞ ከማንም በላይ ሯጮች ናቸው።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ስር "ለቱላ በሳምንት ሁለት ቀን ሰርቪስ" ብዬ አስገብቻለሁ፣ እምቢ ካሉ ከተማውን እንጠይቃለን። እስከ ሐሙስ ማታ የምታስተካክሉት ካለ ላኩልኝ፣ አርብ ጠዋት ለሁለቱም ቢሮ እናስገባለን። ማህተሙ ሂሳብ ያዥ ጋ ነው፣ እባክህ ይዘህ ና።