የ4,500 ዓመት ዲኤንኤ እንዴት ሳይጠፋ ቀረ?

ቆሎ_በኪሴ፦ ጎበዝ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ የረሳሁት ሥጋ በሁለት ቀን ሸተተ። ጋሞ ደጋ፣ ሞታ ዋሻ የተገኘው ሰውዬ ግን 4,500 ዓመት ቆይቶ ዲኤንኤው ተነበበ ይላሉ። እንዴት ሆኖ?

የአጥንት_ወዳጅ፦ የጎጃሙን ሞጣ እንዳትለው ብቻ! ሥጋውማ በስብሷል። ዲኤንኤው የተገኘው ከራስ ቅሉ፣ የውስጥ ጆሮን ከያዘው አጥንት ነው። ድንጋይ በለው፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዋሻው ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው። ዲኤንኤን የሚያጠፋው ሙቀት ነው። እንደዚያም ሆኖ የተገኘው ብጥስጣሽ ነው፤ በኮምፒውተር ነው የሚገጣጠመው።

ቆሎ_በኪሴ፦ እና የማን ዘመድ ሆኖ ተገኘ?

የአጥንት_ወዳጅ፦ ዛሬ ካሉት በጣም የሚቀርበው በደቡብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩት አሪዎች ነው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው ጥናት ግን ስህተት ነበረበት። ከዩራሲያ፣ ማለትም ከአውሮፓና ከእስያ፣ የተመለሱ ሰዎች ዘር መላ አፍሪካን አዳርሷል አለ። ለካ ኮምፒውተር ላይ አንድ እርምጃ ተዘሏል። በ2016 ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አረሙት። እኔ ያከበርኳቸው ያኔ ነው።

ቆሎ_በኪሴ፦ አሪ ጎረቤት አለችኝ። ማታ ቡና ላይ እነግራታለሁ።