የንግድ ሕንፃዬን ሙሉ በመስታወት ልዝጋው?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለገጣፎ ላይ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ እየሠራሁ ነው። ስትራክቸሩ አልቋል። ኮንትራክተሩ ፊቱን ሙሉ በመስታወት እንዝጋው ይለኛል፤ ፊቱ ደግሞ ወደ ምዕራብ ነው። አሁን ያለሁበት ቢሮም እንደዚያው ስለሆነ ከ8 ሰዓት በኋላ መጋረጃ ዘግተን፣ መብራት አብርተን፣ ቬንትሌተር ከፍተን ነው የምንሠራው። ተከራዮቼ እንዲህ እንዲሰቃዩ አልፈልግም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳታደርገው! የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከመስኮት በላይ የሚወጣ ጥላ አያግዳትም። በምዕራብ በኩል መስኮቱን አሳንስ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የቆመ የፀሐይ መከላከያም አድርግለት። ሰፋፊ መስኮት ወደ ሰሜንና ደቡብ ይሁን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም፣ አጭር ጥላ ይበቃል። ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ ሌሊቱ እንዲህ እየቀዘቀዘ ኤሲ መግጠማችን ያንገበግበኛል። በሁለት በኩል የሚከፈት መስኮት ካለ አየሩ ራሱ ይዘዋወራል።

ጠያቂ፦ በሰሜን በኩል የጎረቤት ግንብ ተጠግቶኛል። ደቡቡ ግን ክፍት ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ደቡቡን ተጠቀምበት፤ በሰሜን በኩል ከግንቡ በላይ ከፍ ያሉ ትንንሽ መስኮቶች አውጣ፣ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። ውሃውንም አትርሳ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያህ 300 ካሬ ቢሆን፣ 20 ሚሊሜትር የጣለ ቀን 6,000 ሊትር ገደማ ይወርድልሃል። አሽንዳውን ከታንከር ጋር አገናኘውና ለመጸዳጃ ቤት ተጠቀምበት። ቧንቧውን ግን ግድግዳው ሳይለሰን አስቀብረው።