የሲኒማ ፕሮጀክተር ሌንስ ኮከብ አልያዝ አለኝ፤ የምወጣው ዛሬ ማታ ነው!

ጠያቂ (ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል)
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። ምናለሽ ተራ ያገኘሁትን ትልቅ የሲኒማ ፕሮጀክተር ሌንስ ትናንት ማታ ካሜራዬ ፊት ይዤ ሞከርኩ። ኮከቡ ሁሉ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ነው የሚታየው። ባቀርበውም ባርቀውም አልጠራ አለኝ። ሌንሱ ላይ የሚዞር ነገር የለም። 12 ሰዓት ላይ ከጓደኞቼ ጋር በደብረ ብርሃን መንገድ ከከተማ እንወጣለን። ጨረቃ የለችም፣ ሰማዩም ጠርቷል። ምን ላድርግ?

የፎቶ ቤቱ ልጅ
ካሜራህ ምንድን ነው? ሌንሱ ላይስ ምን ተጽፏል? እሱን ሳናውቅ እንዴት እንርዳህ ወንድሜ?

ጠያቂ
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ካኖን 600ዲ። ሌንሱ 120 ሚሊ ሜትር፣ 1:2 ይላል።

መምህር ከባሕር ዳር
ልጄ፣ መጀመሪያ የያዝከውን ዕወቅ። ብዙዎቹ የድሮ ፕሮጀክተር ሌንሶች መነሻቸው ዮሴፍ ፔትስቫል በ1840 ቪየና ላይ የቀመረው ሌንስ ነው። እሱ ያሰበው ለሰው ፎቶግራፍ ነበር። ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ መሃሉ ጥርት ይላል፣ ጠርዙ ግን ይበላሻል። የሚፈጥረው ምስል እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው፤ ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራህ ሴንሰር ደግሞ ዝርግ ነው። ስለዚህ የምትፈልገውን ኮከብ መሃል ላይ አድርገው። ጠርዙ ላይ ያሉት ክንፍ ቢያወጡ አትዘን።

ሀና
እኔ ግን ሐሳቡ ራሱ አልገባኝም። ካሜራው ይዞት የመጣው 18-55 ሌንስ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በ18 አድርገህ 20 ሰከንድ ክፈተው፣ ሰማዩ ሁሉ ይገባልሃል።

የፎቶ ቤቱ ልጅ
ሀናዬ፣ ለሰፊ ሰማይ ልክ ነሽ። ነገር ግን ያ ሌንስ 55 ላይ ሲሆን ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የዚህኛው 120 ለ2 ሲካፈል 60 ነው። ወደ 36 እጥፍ ብርሃን ማለት ነው! የኦርዮን ኮከቦች መቀነትና ከሥሩ ያለው የጋዝ ደመና (ኔቡላ) በአንድ ፎቶ ይገባሉ። ይሄ ዝም ተብሎ አይጣልም።

ቶርኖ ቤት
ችግሩ ርቀት ነው። በእጅህ ስትይዘው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ በጎን ብርሃን ይገባል፣ ትክክለኛው ቦታ ላይም አይቆይም። አሁን ፀሐይ ሳትገባ ይህን አድርግ። ክፍልህን አጨልምና ሌንሱን በመስኮት ወደ ሩቅ ተራራ አዙረው። ትልቁ መስታወት ወደ ውጭ፣ ፊልሙ የነበረበት ጎን ወደ አንተ ይሁን። ከኋላው ነጭ ወረቀት ያዝ። ተራራው ተገልብጦ ጥርት ሲል ከኋለኛው መስታወት እስከ ወረቀቱ ለካ። ከዚያ ላይ 44 ሚሊ ሜትር ቀንስ፤ በአንተ ካኖን ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ነው። የቀረው በመስታወቱና በመግጠሚያው መካከል የሚኖርህ ክፍተት ነው። በመጀመሪያ የለካኸው ራሱ ከ44 ካነሰ ግን በዚህ ካሜራ ሩቅ ነገር አይጠራልህም። ወደ ፀሐይ እንዳታዞረው! ወረቀቱን ያቃጥላል፣ ዓይንህንም ያጠፋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ እዚህ ሜሪላንድ በስላይድ ፕሮጀክተር ሌንስ ሞክሬያለሁ። የፒቪሲ ቧንቧ ሌንሱ ላይ እየሞከርክ ግዛ። የካሜራውን አካል ክዳን መሃሉን ብሳና ቧንቧው ላይ አጣብቀው። ሌንሱ ቧንቧው ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይንሸራተት፤ ሲጠራ በናስትሮ እሰረው። ውስጡን ጥቁር ወረቀት አልብሰው። የመጋዙን ብናኝ አጥበህ አውጣ፣ ሴንሰር ላይ ከወደቀ ጣጣ ነው። የቤቱን ቧንቧ ግን እንዳትነካ፣ እናትህ አይምሩህም!

አቤል 12
ቧንቧ ተጠቀም። የካሜራውን ክዳን በስተህ ቧንቧ ለጥፍበት።

ሀና
አቤልዬ፣ አሁን ከላይ ተብሏል እኮ። ለማንኛውም እኔም ተረትቻለሁ። እንግዲህ ከወጣህ አይቀር አንድሮሜዳ የተባለችውን ጋላክሲም ሞክርልን። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። በታኅሣሥ ማታ 1 ሰዓት ላይ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ ትገኛለች።

ጠያቂ
ለካሁት! 79 ነው። 44 ሲቀነስ 35። ሱቅ ለመሄድ ጊዜ የለኝም፣ ወፍራም ካርቶን እየጠቀለልኩ ነው። ስንት ሰከንድ ልክፈተው?

የፎቶ ቤቱ ልጅ
120ን በ1.6 (የሴንሰርህ ትንሽነት ማባዣ) አባዛና 500ን ለውጤቱ አካፍል፤ 2.6 ይመጣል። አንተ በ2 ሰከንድ ያዝ፣ ከዚያ በላይ ኮከቡ እንደ መስመር ይዘረጋል። አይ ኤስ ኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው)፣ ካሜራው ኤም (በእጅ ማስተካከያ) ላይ ይሁን። 200 ፎቶ አንሳና ቤት ስትገባ ዲፕ ስካይ ስታከር በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አንድ ላይ ደርባቸው፤ ነፃ ነው። ከመመለስህ በፊት ሌንሱን ከድነህ በዚያው 2 ሰከንድ 20 ያህል ጥቁር ፎቶ አንሳ፤ ፕሮግራሙ የካሜራውን ነጠብጣብ የሚቀንሰው በነሱ ነው። ኮከቡ ዙሪያ ሐምራዊ ቀለም ካየህ ደግሞ በጥቁር ካርቶን መሃል 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቅደድና ሌንሱ ፊት አድርገው። ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ኮከቡ ግን ይሰበሰባል።

መምህር ከባሕር ዳር
ጤዛን አትርሳ ልጄ። በደጋ ሌሊት መስታወቱ ሳታውቀው ይጋረዳል። ካርቶኑን ከሌንሱ አልፎ ወደ ፊት እንደ ኮፍያ አስረዝመው። ባትሪህንም እስክትፈልገው ኪስህ ውስጥ አሙቀው።

ጠያቂ
እሺ ጋሼ። ጓደኞቼ በር ላይ ናቸው፣ ወጣሁ!

ሲልቨር ስፕሪንግ (በማግስቱ)
እንዴት ሆነ?

ቶርኖ ቤት (ከ3 ቀን በኋላ)
ካርቶኑ ከላላ ቅዳሜ ሱቅ ነኝ። ሌንሱንም ካሜራውንም ይዘህ ና፣ በአሉሚኒየም እሠራልሃለሁ።