የሳንባ ማስት ሴል ሂስታሚን ከለቀቀ በኋላስ?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ የምማር የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ታናሽ እህቴ አስም አለባት። የፒያሳ አቧራና የታክሲ ጭስ ይቀሰቅስባታል፣ ሲያልፍላት ደግሞ ማታ ይመለሳል። ከሳንባ ተለይቶ የወጣ ማስት ሴል (አለርጂን የሚያስነሳ የሰውነት መከላከያ ሴል) በፀረ አይጂኢ (በሴሉ ላይ ያለውን የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል፣ አይጂኢን፣ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል) ሲነካ ሂስታሚን የተባለውን የአለርጂ ኬሚካል እንደሚለቅ አንብቤያለሁ። ታዲያ ሂስታሚንን የሚያግደው የአለርጂ ክኒኗ ለምን አይበቃትም?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ሂስታሚን መጀመሪያው ነው። በሴሉ ከረጢቶች ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ ካልሲየም ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ፕሮስታግላንዲን ዲ2 እና ሉኮትራይን ሲ4 የተባሉት ሌሎች የአለርጂ ኬሚካሎች ግን ያኔውኑ ከአራኪዶኒክ አሲድ (ከሴሉ ሽፋን ከሚወጣ የስብ አሲድ) ይሠራሉ። ሉኮትራይኖች የአየር ቧንቧን በማጥበብ ከሂስታሚን በብዙ እጥፍ ይበረታሉ፤ የአለርጂ ክኒን ደግሞ አይነካቸውም። ሞንቴሉካስት የተባለው የአስም መድኃኒት የሚያግደው የሉኮትራይኖቹን ሥራ ነው። ሳይቶካይኖቹ (ሴሎች የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች) ከሰዓታት በኋላ መጥተው ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ። የማታው ሳል ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ሐኪሟን ስለሚተነፈስ ስቴሮይድ ጠይቁት፣ አደራ።

መልስ 2፦
በላቦራቶሪ የምትሞክረው ከሆነ ያልተቀሰቀሰ ናሙና ጎን ለጎን አስቀምጥ። ሴሎቹን ለመለየት የሳንባውን ሥጋ የሚፈታው ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሴሉን ሊጎዳው ይችላል፣ ያኔ ሂስታሚኑ ሳይቀሰቀስ ይፈሳል። የቆዳ ማስት ሴል ውጤትንም ለሳንባ አትውሰድ። የቆዳው ሰብስታንስ ፒ ለተባለው የነርቭ ኬሚካል ምላሽ ይሰጣል፣ የሳንባው በአብዛኛው ዝም ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስቴሮይዱ ማስት ሴሉ ወዲያው የሚለቀውንም ያግዳል?

መልስ 1፦
ሂስታሚኑን ብዙም አያግድም። ዋና ሥራው የሳይቶካይኖቹን ምርት መቀነስ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ትውሰደው፣ ሲያፍናት ብቻ አይደለም።